አግድሙ ጭረት

ወይዘሮ የሺሃረግ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። እንፍራንዝ ያለው ወንድማቸው አቶ ደሴ ስልክ ሲሞክርልኝ ሰንብቷል፤ መስመር የለም። መስመሩ ሲመለስ እኔ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። «እኅቴ ዐርፋለች፤ ቀብረናታል፤ ሳትሰማ እንዳትቀር ብዬ ነው» አለኝና ድምፁ ተቆረጠ። መልሼ ብደውል አልገባም አለ። ሻዩን ትቼ መናኸሪያ ሄድሁ። መንገዱ ተዘግቶ ከአዲስ ዘመን ከተማ ወዲያ መኪና አያልፍም አሉኝ። ነገስ? ነገም እንጃ። ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ሐዘኑን የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም፤ እኔም ከሐይቁ ዳር ወደ ዓባይ ድልድይ፣ ከድልድዩ ወደ ሐይቁ ዳር ስመላለስ ዋልሁ።

በዚህ ከተማ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። «ጀልባውን ልታስቀር የነበረችው ሴትዮ» ሲባል ግን የማያውቅ የለም። «መስቀል ያስፋቀችው» ብሎ የሚያከርርም አለ። እኔ አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እስካሁን ዝም ማለቴም ያናድደኛል። ስለዚህ ልጻፈው። እየተነሣሁና እየተቀመጥሁ ስለምጽፍ እዚህም እዚያም ብረግጥ አትፍረዱብኝ።

እሳቸው መቀመጥ አያውቁም ነበር። እኔ የማሽን ስዕል ወደማስተምርበት ኮሌጅ የመጡት ዕድሜያቸው ገፋ ካለ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ቆላ፣ የጥጥ እርሻ ላይ ነው፤ ጥጡ ላይ መድኃኒት የሚረጩ ትናንሽ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ የእነዚያ ሞተር መሐንዲስ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ጠይም ሴት። ሲያስተምሩ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይንጎራደዳሉ፤ ተማሪው አንገቱን ከወዲያ ወዲህ ሲያዞር ክፍለ ጊዜው ያልቃል። በስብሰባ ላይ ወንበር ሲሰጧቸው ጀርባውን ይዘው ይቆማሉ እንጂ አይቀመጡም። ስብሰባዎቻችን ያጠሩት በእሳቸው ምክንያት ነው የሚል ሰው ነበር፤ ይህን ውለታ ማንም አላመሰገናቸውም።

ተማሪዎቹ «ወይዘሮ ፒስተን» ብለው ሰየሟቸው። ስሙ ጆሯቸው የገባ ዕለት ክፍል ውስጥ በአደባባይ አነሡት።

«ፒስተን ብላችሁኛል አሉ። ሰው ሲሰድቡም ትንሽ ዕውቀት ያስፈልጋል» አሉ እየተንጎራደዱ። «ፒስተን የሚያውቀው ወደ ላይ መውጣትና ወደ ታች መውረድ ብቻ ነው። ያ መመላለስ ብቻውን አውሮፕላን አያበርርም። ቢየላ የሚባል የብረት ክንድ አለ፤ በአንድ ጫፉ ፒስተኑን፣ በሌላው ጫፉ ክራንክሻፍቱን ይይዛል። ፒስተኑ ሲመላለስ ክንዱ ይገፋል፣ ክራንክሻፍቱ እንደ ጉድጓድ ውኃ ማውጫ እጀታ ይዞራል። ማራገቢያውን የሚያዞረው እሱ ነው። እኔስ እውነታችሁን ነው፤ ስመላለስ እውላለሁ፤ የሚዞርልኝ ግን የለም።»

ተማሪው ሣቀ። እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አልሣቅሁም። የመጨረሻዋን ነገር የተናገሩት ለተማሪ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ያገኙትን ነገር ሁሉ ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይደባብሳሉ። የብርጭቆ አፍ፣ የጠረጴዛ ጫፍ፣ የበር መቃን። ሻይ ቤት አብረን ስንገባ አሳላፊዋ ታፍራለች፤ ብርጭቆውን ዞር ዞር አድርገው ይደባብሱና «ይኼ አፉ ተገምጧል፤ ቀይሪልኝ» ይላሉ። ዓይኔን ጨፍኜ ብደባብሰው አይገኝልኝም። «ዓይን ይሸነገላል፤ ጥፍር ከያዘው ግን ቁስል አለ ማለት ነው» ይሉ ነበር።

ቁስል ማለት በሳቸው አፍ ጭረት ነው፤ ወይም ስል ማዕዘን። አንድ ጊዜ የአቡጀዲ ቁራጭ ይዘው ክፍል ገቡ። የክፍሉን ደንዳና ልጅ አስነሥተው «ቅደደው» አሉት። ልጁ ጎተተ፣ ፊቱ ቀላ፣ ጨርቁ ንቅንቅ አላለም። ተቀበሉትና ዳሩን በጥርሳቸው ትንሽ ነከስ አደረጉት፤ ከዚያ በሁለት ጣት ይዘው ጭርር አድርገው እስከ ጫፉ ቀደዱት። «ጨርቅ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ብረትም እንደዚሁ ነው። ጉልበት አይደለም የሚሰብረው፤ የተነከሰበት ቦታ ነው። ክራንክሻፍት ስትነድፉ አንጓው ከአንጓው የሚገናኝበትን ጥግ እንደ ሣጥን ማዕዘን አትቁረጡት፤ አንገት ከትከሻ እንደሚገናኝ አድርጋችሁ ክበቡት።» ልጆቹ ዛሬ የት እንደደረሱ አላውቅም፤ አቡጀዲውን ግን የሚረሳ አይመስለኝም።

ክፉ ጎናቸውንም ልናገር፤ ሞተዋል ብዬ አላሳምራቸውም። ቃል ማለስለስ አያውቁበትም። እኔ ሌት ተቀን ደክሜ የነደፍሁትን ስዕል አይተው በተማሪ ፊት «ይኼ ስዕል ሰው ይገድላል» ብለውኛል። እውነት ነበር፤ ጥጉን ስል አድርጌው ነበር። ቢሆንም «ሙላት፣ ይችን ጥግ እስኪ ተመልከታት» ማለት ይቻል ነበር። ሳንነጋገር ከረምን። መጨረሻ ላይ እሳቸው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሌላ ስዕል ይዘው መጡና «ይችን አርምልኝ፣ እኔ እጄ አያምርም» አሉኝ። ይቅርታቸው ይቺው ነበረች።

ወደ ጀልባው ልምጣ።

ጣና እምቦጭ በወረደበት ጊዜ መጀመሪያ የተጎዳው የእነ አቶ ደሴ ወገን ነው፤ በእንፍራንዝ በኩል ያለው ዳርቻ። ከብት ውኃ የሚጠጣበት፣ ዓሣ የሚጠመድበት፣ ሩዝ የሚዘራበት ሁሉ አረንጓዴ ምንጣፍ ለበሰ። ሰው ወገቡ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ይነቅላል፤ ሲመለስ በቅሎ ያገኘዋል። ሞተር ጀልባ ቢገባ ሥሩ በማሽከርከሪያው ላይ ይጠመጠምና ያንቀዋል። ወይዘሮ የሺሃረግ ለቅሶም ለበዓልም እዚያ ሄደው በተመለሱ ቁጥር እንቅልፍ ያጣሉ። አንድ ቀን የኮሌጁ ዲን ቢሮ ገብተው፣ ቆመው፣ «ማሽከርከሪያው ውኃ ውስጥ ባይገባስ?» አሉ።

ሐሳባቸው ይህ ነበር፤ ከኋላው ትልቅ ማራገቢያ ያለው፣ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ። ውኃውን ሳይሆን አየሩን እየገፋ በእምቦጩ ላይ ይንሸራተታል፤ ከፊቱ ማጨጃ ይገጠምለታል። እንዲህ ላለው ጀልባ የሚሆነው ሞተር የአውሮፕላን ሞተር ነው፤ ቀላልም ብርቱም ነው። እሳቸው ደግሞ ድሮ ከሠሩባቸው አውሮፕላኖች የአንዱ ሞተር የት መጋዘን እንደተጣለ ያውቃሉ። አምጥተው ሲያራግፉት ልጃቸውን ከሆስፒታል ያወጡ ይመስሉ ነበር።

እኛ ሦስት ነበርን። እሳቸው፣ ስዕሉን የምሠራው እኔና ቀለመወርቅ። ቀለመወርቅ በቶርኖ ማሽን ብረት የሚቀርጽ ባለሙያ ነው፤ ዲያቆንም ነው፤ አባቱ መሪጌታ ሐዲስ ዘጌ ላይ ብራና የሚጽፉ ሊቅ ናቸው። እጁ የተባረከ ሰው ነው፤ ብረት ሲቆርጥ በአፉ ዜማ ያንጎራጉራል። ሞተሩን ብሎን በብሎን ፈትተን አጠብን። ወይዘሮ የሺሃረግ ክራንክሻፍቱንና ቢየላዎቹን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ደባበሱ፤ ቀይ ቀለም ቀብተው፣ ጠርገው፣ ነጭ ዱቄት ነፉባቸው። ስንጥቅ ካለ ቀዩ በዱቄቱ ላይ ደም መስሎ ይወጣል። አንድም አልወጣም። «ጤነኛ ናቸው» አሉና ፈገግ አሉ። ብዙም ስለማይሥቁ ቀለመወርቅ ሻይ ጋበዘን።

ሞተሩ በሚገጠምበት ሰሞን እንፍራንዝ የአክስታቸው ተዝካር ደረሰና ሄዱ። መገጣጠሙን ለቀለመወርቅ አደራ አሉ። በእጁ እምነት ነበራቸው፤ እኔም ነበረኝ፤ ዛሬም አለኝ። ሲመለሱ ሞተሩ ተገጥሞ ጠበቃቸው። አስነሣነው፤ ወርክሾፑ ተናወጠ፤ ድምፁ አንድ ወጥ ነበር። ለብዙ ሰዓት አሠራነው፤ ምንም አላለም። ዲኑ የምረቃውን ቀን ቆረጠ። እንግዶች ተጠሩ፤ ሐይቁ ዳር ድንኳን ተተከለ፤ የድግሱ በሬ መጥቶ ዛፍ ሥር ታሰረ። የክብር እንግዶቹ ጀልባው ላይ ወጥተው እስከ ክብራን ገብርኤል ደሴት ደርሰው እንዲመለሱ ነበር የታሰበው።

ምረቃው ሊደርስ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀልባው አጠገብ ነበርን። ቀለመወርቅ በጀልባው አፍንጫ ላይ በቀለም መስቀል እየሣለ ነው። ወይዘሮ የሺሃረግ ከወዲያ ወዲህ እየተመላለሱ አዩት።

«ደግ አደረግህ ቀለሜ። ውኃ ላይ ነው የምንወጣው» አሉ።

ቀለመወርቅ ደስ ብሎት ዞረ። «ከውስጥም አለ እኮ፣ እትዬ።»

«ከምኑ ውስጥ?»

«ከሞተሩ። ስገጥም በየቢየላው ላይ ትንሽ ትንሽ መስቀል ጭሬበታለሁ። ሰው የሚያድን ሥራ ነው ብዬ። ክራንክሻፍቱንም ሞክሬው ነበር፤ ቆዳው ጠጣር ሆኖ አልጫር አለኝ።»

ቆሙ። እኒያ ሴትዮ በመንጎራደድ መካከል ድንገት ቀጥ ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እጃቸው ብቻ አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጋር ያፋትግ ነበር።

«በምን ጫርኸው?»

«በብረት መጫሪያ።»

«ጥፍር ይይዛል?»

«ይይዛል እንጂ፤ እንዳይጠፋ ብዬ ጠበቅ አድርጌዋለሁ።»

ቀስ ብለው አስረዱት፤ ይህን ልመሰክርላቸው ይገባል። ቢየላ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ሲገፋና ሲጎተት እንደሚኖር፣ ፒስተኑ ከላይ ጫፍ ደርሶ ወደ ሰማይ ልሂድ ሲል አንቆ የሚመልሰው እሱ እንደሆነ ነገሩት። «የመስቀሉ ቁመት አይጎዳም፤ ከክንዱ ጋር አብሮ የሚወርድ ነው። አግድሙ ነው ነገሩ። አግድም የተነከሰ ጨርቅ አላየህም? ከዚያ ይጀምርና እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ይሄዳል። አንድ ቢየላ ሐይቁ መካከል ቢበጠስ ሞተሩን በስቶ ነው የሚወጣ፤ ማራገቢያው ደግሞ ከሰው ጀርባ ነው ያለ።»

ቀለመወርቅ ፊቱ ዐመድ መሰለ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። ዞሩና ለሠራተኛው ሁሉ፣ ድንኳን ለሚተክለውም፣ ወንበር ለሚደረድረውም በሚሰማ ድምፅ፦

«ሞተሩን ፍቱት! መስቀሎቹን አጥፉልኝ!» አሉ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ድንኳን ተካዩ መዶሻውን እንደያዘ ቀና ብሎ ሲያያቸው ትዝ ይለኛል።

ዲኑ ሮጦ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወጣት ነው፤ የጠራቸው እንግዶች ደግሞ መንገድ ጀምረዋል።

«ወይዘሮ የሺ፣ ሞተሩ ሲሠራ ሰምተነዋል። ይሰበራል ይላሉ?»

«አልልም።»

«ታዲያ አይሰበርም?»

«እሱንም አልልም። ዐሥር ዓመት ሊሠራ ይችላል። ከነገ ወዲያ እንግዶቹን ይዞ ሊበጠስም ይችላል። የማላውቀው ነገር ላይ ሰው አላሳፍርም።»

«እሺ ዛሬ ይፈታ፣ ጭረቱ ይለስልስ፣ ነገ ይገጠም።»

«የቢየላ ብሎን አንዴ ጠብቆ ከተፈታ አይመለስም። ሲጠብቅ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ብሎን ሁለተኛ አይታመንም። አዲስ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።»

ዲኑ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ይህን ጀልባ ከሁላችንም በላይ የሚፈልጉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? የእርስዎ ወንድም አይደለም እንዴ ዳርቻው የጠፋበት?»

«ነው» አሉ። ዲኑ እምቢ ቢል የሞተሩን ቁልፍ ይዘው ሐይቅ ሊገቡ እንደሚችሉ ስላወቀ ይመስለኛል፣ ሞተሩ ተፈታ። ምረቃው ቀረ። እንግዶቹ ከየመንገዱ ተመለሱ፤ ድንኳኑ ፈረሰ። በሬው ግን ከመታረድ አልዳነም።

ቢየላዎቹ ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። በየአንዳንዱ ወገብ ላይ የጤፍ አገዳ የሚያህል መስቀል አለ፤ የሚያምር፣ እንደ ብራና ጌጥ የተስተካከለ። እንደገና ቀይ ቀለም ተቀባ፣ ተጠረገ፣ ዱቄት ተነፋ። ሁላችንም አጎነበስን። ዲኑም አለ። ቆየን። ከቀለሙ ምንም አልወጣም። አንድም ስንጥቅ የለም።

«ታዲያስ?» አለ ዲኑ።

«ታዲያማ ተመስገን ነው» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ተመስገን ያለ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ አንዲት ቀይ ክር ብቅ ብትል ስመኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ አይቷት አፉን እንዲዘጋ። ሳይሰበር የቀረን ነገር ለማን ታሳየዋለህ? አንዱ መምህር ከኋላዬ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እያለ ወጣ።

ወሬው ደግሞ ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደርሷል። «መስቀል ያለበት ሞተር አላስነሣም አለች።» «መስቀሉን አጥፉልኝ ብላ ጮኸች፤ በጆሮዬ ሰማሁ።» ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ለማስረዳት ሞከርሁ፤ ቢየላ፣ አግድም፣ አቡጀዲ አልሁ፤ ሹፌሩ «ወንድሜ፣ መስቀል ሰው ያድናል እንጂ ይገድላል የሚባለውን ዛሬ ሰማሁ» ብሎኝ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። እኔም ወርጄ በእግሬ ሄድሁ።

ወይዘሮ የሺሃረግ የማርያም ማኅበርተኛ ነበሩ። ጽዋውን ተቀብሎ የመደገሱ ተራ የእሳቸው ስለነበር ጠላ ጠምቀው ነበር። በማኅበሩ ዕለት ጽዋው ሲነሣ የማኅበሩ አለቃ ሙሴዋ ለእሳቸው አልሰጠቻቸውም፤ አልፋ ለሚቀጥለዋ ሰጠች። «እርስዎ ሥራ ይበዛብዎታል፤ እንዳናስቸግርዎ ብለን ነው» አለች፤ በትሕትና ነበር። ይህን የነገሩኝ በማግስቱ ነው፤ ነግረውኝም ጠላውን ለወርክሾፑ ዘበኞች እንድወስድላቸው አዘዙኝ። በሰፈሩ ልጅ ሳይሆን በእኔ መላካቸው ጎረቤት እንዳያይ መሰለኝ። ጀሪካኑን ሳነሣው ቤታቸው ውስጥ እየተንጎራደዱ ነበር።

የቀረው ጭረቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቢየላው ቁመት እያሹ ማለስለስ ነው። ማን ያድርገው? ሠራተኛው ሁሉ እጁን ኪሱ ከተተ። ቀለመወርቅ «በእጄ የጻፍሁትን መስቀል በእጄ አልፍቅም፤ እርስዎንም አላስነካም፣ እትዬ፤ ነገ በስምዎ የሚያወሩት ይበዛል» አለ። እሳቸው ሊያስገድዱት ይችሉ ነበር። በዚህ ፈንታ አንዱን ቢየላ በነጠላቸው ጠቀለሉና እኔን አስከትለው በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩ።

መሪጌታ ሐዲስ ከግራር ጥላ ሥር ብራና ዘርግተው ይጽፉ ነበር። ብረቱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፤ አገላበጡት፤ ከዚያ መስቀሉን በጥፍራቸው ደባበሱት። ወይዘሮ የሺሃረግ ይህን ሲያዩ ከአጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ማንም ሳይለምናቸው።

«ልጄ መስቀሉን አሳምሮታል» አሉ መሪጌታ። «ምኑ ነው የሚያስቸግር አልሽኝ?»

«አግድሙ ነው፣ የኔታ። ቁመቱ ግድ የለውም።»

«አግድሙማ እጆቹ የተቸነከሩበት ነው፤ ይከብዳል።» ብረቱን ከብራናው አጠገብ አኖሩት። «ስሚ ልጄ። እኛም ስንጽፍ እጅ ይስታል። ቅዱስ ስም ከመስመሩ ውጭ ይወድቃል። ያን ጊዜ በካራ ጫፍ እንፍቀዋለን፤ ፍቀን ከመስመሩ እንጽፈዋለን። ስሙን ጠልተን ነው? መጽሐፉ እንዳይበላሽ ነው። ቀለመወርቅ ክፉ አልጻፈም፤ ከመስመሩ ውጭ ነው የጻፈ። ይፋቅ። እሱ ራሱ ይፋቀው። እኔም መጥቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ።»

ስንመለስ ሐይቁ ላይ ነፋስ ነበር። ወይዘሮ የሺሃረግ ጀልባው ውስጥ መቆም ስላልቻሉ ተቀመጡ፤ እግራቸው ግን ወለሉን ይመታል።

«ሙላት፣ በጣም ከፍቶኛል» አሉኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

ንዴቴ ያን ቀን ወጣ። «የራስዎ ምላስ ነው ያመጣብዎት። ‹መስቀሎቹን አጥፉ› ከሚሉ ‹ጭረቱን አለስልሱ› ቢሉ ኖሮ ይህ ሁሉ ወሬ አይኖርም ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ምን እንዳልሁ ያልገባቸው ይመስሉ ነበር።

«መስቀል ነዋ የተጫረው» አሉ። «መስቀልን ጭረት ልበለው?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለስላሳውን ቃል ያልተናገሩት ስላላወቁት አይደለም። የመስቀልን ስም ዝቅ አድርጎ መጥራት አላስቻላቸውም። ከተማው ደግሞ መናፍቅ ያላቸው በዚችው ቃል ነው። ዘጌ እየራቀ፣ ባሕር ዳር እየቀረበ፣ ለማን ሄጄ እንደምናገር አሰብሁ፤ የሚሰማ አንድም ሰው ትዝ አላለኝም።

መሪጌታ እንዳሉት መጡ። ወርክሾፑ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ ቀለመወርቅ እያንጎራጎረ አሸ። ወይዘሮ የሺሃረግ በየመካከሉ መጥተው ጥፍራቸውን ያሳልፋሉ፤ «ገና ነው» ይላሉ፤ ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉ። የመጨረሻው ቢየላ ላይ ጥፍራቸው ሳይዝ ሲያልፍ ለቀለመወርቅ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡት። እሱም አለቀሰ።

ብሎኖቹ እስኪመጡ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። በዚያ መካከል የወይዘሮ የሺሃረግ ውል አለቀ፤ አልታደሰም። ለምን እንዳልታደሰ የነገራቸው የለም፤ የጠየቁም አልነበረም። አንድ ቀን ዕቃቸውን በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት አሥረው እንፍራንዝ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። መናኸሪያ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ውስጥም ወንበራቸውን ይዘው እንደቆሙ ነበር መኪናው የተነሣ።

ጀልባው በጥቅምት ሐይቅ ገባ። እሳቸው አልተጠሩም። በእምቦጩ ላይ ዘይት በተቀባ ምጣድ ላይ እንዳለ እንጀራ ተንሸራተተ፤ ሰው አጨበጨበ። ሳምንት ሠራ፤ ወር ሠራ፤ ከዳር ዳር እያጨደ ሠራ። አንዲት ነገር አልተበጠሰችም። አንጀቴን የቆረጠው ግን ይህ ነው፤ ጀልባው በሠራ ቁጥር የእሳቸው ስም ይወርዳል። «አያችሁ? ሞተሩ ደኅና ነበር። በከንቱ ነው ያጉላላችን» ይላል አንዱ። «መስቀሉን ባታስፍቅ ደግሞ ከዚህም በላይ ይሠራ ነበር» ይላል ሌላው። ቀለመወርቅ ሊያስረዳ ሲነሣ «አንተ ደግሞ መስቀልህን አስፍቃህ ትከራከርላታለህ» ብለው ይሥቁበታል። ልፋታቸው ራሱ ምስክር ሆኖ መጣባቸው። እኔ ይህን ስሰማ ቁጭ ብዬ መብላት አልችልም፤ ትቼ እወጣለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርኋቸው መስመር ሳይጠፋ በፊት ነው። እሳቸው ደወሉ። ከበስተኋላቸው ውኃ ሲንቦጫረቅ፣ ሰው ሲጠራራ ይሰማል። ከወንድማቸውና ከገበሬው ጋር ወገባቸው ድረስ ገብተው በማጭድ እምቦጭ ሲቆርጡ እንደዋሉ ነገሩኝ። በዚያ ዕድሜ! ልቆጣቸው ስል አቋረጡኝ።

«ዛሬ ጀልባው ወደኛ መጣ» አሉ። «ነጂው እንግዳ ሰው ነው፤ አያውቀኝም። ሞተሩን አጠፋና ውኃ ጠጥቶ ከገበሬው ጋር ጨዋታ ያዘ። ‹እማማ› አለኝ፣ ‹ይኸን ሞተር አንዲት ክፉ ሴትዮ መስቀል አለበት ብላ ልታስቀረው ነበር አሉ፤ ይኸው እንደሚያዩት ሰጥ ለጥ ብሎ ይሠራል።›»

«እኔ ነኝ አላሉትም?»

«አላልሁትም። እስኪ አስነሣውና ልስማው አልሁት። አስነሣው። እጄን ብረቱ ላይ አድርጌ ሰማሁት። አንድ ወጥ ነው ሙላት፤ ቢየላው ቅጭልም አይል። በል ሂድ አልሁት፤ ሄደ።»

ደሜ ፈላ። «ፊት ለፊትዎ ቆሞ ስምዎን ሲያጠፋ ዝም ብለው ሰደዱት?» አልሁ። «አቶ ደሴስ? ገበሬውስ? አንድ ሰው አፉን አይከፍትም?»

«ደሴ ሊናገር ነበር፤ ክንዱን ያዝሁት።» ከዚያ ሣቁ፤ እንዲያ ሲሥቁ ሰምቼ አላውቅም። «አንተ ደግሞ። ሰውየው እኮ የሚያማኝ በደኅና ጀልባው ላይ ቆሞ ነው፤ ቢየላ ተበጥሶበት ውኃ ውስጥ ሆኖ አይደለም።»